ጫጉላው በድንኳን ይሁን ከተባለ፣ ወዴት?

ጥር ሲቃረብ ከተማው የሚያወራው ስለ አዳራሽ ኪራይ፣ ስለ በሬ ዋጋና ስለ ቪዲዮ ቀራጭ ነው። ሙሽሮችም፣ ሽማግሌዎችም፣ ደላሎችም ሂሳቡን በቃላቸው ያውቁታል። የጫጉላ ሽርሽሩ ሂሳብ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ሁሉም ከተከፈለ በኋላ፣ ከተረፈው ገንዘብ ነው። የሚተርፍ ሲጠፋ ምርጫው ሁለት ይሆናል፤ ወይ ተበድሮ ዱባይ፣ አለያም ሁለት ሌሊት ቢሾፍቱ ወይም ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አድሮ መመለስ።

ሦስተኛ መንገድም አለ። ሻንጣውን ትቶ የጀርባ ቦርሳ አዝሎ፣ ሆቴሉን ትቶ ድንኳን ተክሎ፣ አራት አምስት ቀን ተራራ ላይ መሰንበት። «ልጄን ድሬ ዱር ላሳድራት ነው እንዴ?» የሚሉ እናት አይጠፉም። ለነጋዴ ቤተሰብ ግን ነገሩ እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። የሲራራ ነጋዴ ዕድሜውን የጨረሰው በድንኳንና በበቅሎ፣ በበሶና በቋንጣ ነው። ልዩነቱ ሲራራው ትርፍ ሊያመጣ ይወጣ ነበር፤ ሙሽሮቹ ግን የሚወጡት ገንዘብ ሊያጠፉ ነው።

ወጪ ከሆነ ደግሞ እንደማንኛውም ወጪ መመዘን አለበት። የቱሪዝም ፖስተር «የት ያምራል?» የሚለውን ብቻ ይመልሳል። ገንዘብ የሚያወጣ ሰው የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ በዚህ ወር፣ በዚህ ገንዘብ፣ በዚህ የጸጥታ ሁኔታ፣ ሁለት ሰው የት ሄዶ ምን ያገኛል?

ወሩ ይወስናል

በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ የሠርግ ወራት በጾም የታጠሩ ናቸው። ከገና በኋላ ያለው ጥር፣ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ አንደኛው ገበያ ነው። ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታት፣ የሐዋርያት ጾም እስኪያዝ ድረስ፣ ሁለተኛው። አዳራሹም፣ ዲኮሩም፣ ዘፋኙም በነዚህ ወራት የሚወደደው ለዚህ ነው። ለድንኳን ጫጉላ ግን ሁለቱ ገበያዎች እኩል አይደሉም፤ ልዩነቱም የሰማይና የምድር ያህል ነው።

የጥር ሙሽራ ዕድለኛ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት በአብዛኛው ከፍተኛ የአገራችን ተራሮች ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱ የደረቀ ነው። የሚከፈለው ዋጋ ብርድ ነው። ባሌ ሳነቴ አምባ ላይ በበጋ ሌሊት የሙቀት መጠኑ ከዜሮ በታች መውረዱ የተለመደ ሲሆን፣ እስከ 15 ዲግሪ ከዜሮ በታች የወረደበት ጊዜም ተመዝግቧል። ቀን ላይ በሸሚዝ የሄደ ሰው ማታ ውሃ መያዣው በረዶ ሆኖ ያገኘዋል።

ከፋሲካ በኋላ የሚያገቡ ጥንዶች ችግራቸው ሌላ ነው። ሚያዝያና ግንቦት በባሌም፣ በአርሲም፣ በአርባ ምንጭ አካባቢም የዝናብ ወራት ናቸው። የኬንያ ተራራና ኪሊማንጃሮም ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ግንቦት ድረስ ዋናው ዝናባቸው ላይ ናቸው። ስለዚህ የሚያዝያ ሙሽራ ሦስት አማራጭ አለው። አንደኛው ጫጉላውን ወደ ኅዳር ማስተላለፍ ነው፤ ገንዘቡም እስከዚያ በእቁብ ሊሰበሰብ ይችላል። ሁለተኛው ከአዲስ አበባ ወደ 150 ኪሎ ሜትር የሚርቀውን ወንጪን በመሰለ ቅርብ ቦታ፣ ዝናቡ ሲብስ በቀላሉ ሊመለሱ በሚችሉበት፣ አንድ ሁለት ሌሊት ማሳለፍ ነው። ወንጪ እ.ኤ.አ. በ2021 የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ብሎ ከመረጣቸው አንዱ ነው። ሦስተኛው እስከ ሐምሌ ጠብቆ ወደ ኬንያ መሻገር ነው። እኛ ክረምት ውስጥ ስንሆን እነሱ ደረቅ ወራቸው ላይ ናቸው።

አንድ ነገር መረሳት የለበትም። ሠርጉ እሁድ ከሆነ መልሱ በሳምንቱ መካከል ይጠራል፤ ቅልቅሉም ይከተላል። የመልስን ቀን ሳይጠይቁ የአውሮፕላን ቲኬት የቆረጡ ጥንዶች ለቀን ለውጥ መክፈላቸው፣ ከአማት ጋር መቀያየማቸውም አይቀርም።

ሰሜንና ባሌ በአንድ ሚዛን

ስለ ተራራ ጉዞ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው የሰሜን ተራሮች ነው፤ ተገቢም ነው። ፓርኩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1978፣ ዝርዝሩ ገና ሲጀመር ነው። በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ፣ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጥቷል። ከጎንደር ወደ 100 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ደባርቅ ይደርሳሉ፤ ከዚያ ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ የተባሉት ሰፈሮች በተከታታይ ይመጣሉ። ዋልያና ጭላዳ አለ፤ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ራስ ዳሸንም ጉልበት ላለው ይጠብቃል። በአገልግሎት ረገድም የሰሜን ገበያ የበሰለ ነው፤ አስጎብኚው፣ ምግብ አብሳዩ፣ በቅሎ ጫኙ፣ ዕቃ አከራዩ ሥራውን ለረጅም ዓመታት የሠራ ነው።

ሆኖም በ2013 የጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ገና ሳይረሳ፣ በ2015 ክረምት በአማራ ክልል ሌላ የትጥቅ ግጭት ተቀሰቀሰ። ከዚያ ወዲህ መንገድ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ቀን አስቀድሞ አይታወቅም። ነጋዴ ጭነቱ መንገድ ላይ ቢያዝ ኪሳራውን በሚቀጥለው ጭነት ያካክሳል። የሁለት ሰው ጫጉላ ግን የሚቀጥለው ጭነት የለውም። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ሰሜን ለኋላ ዓመት፣ ለመጀመሪያው ወይም ለአምስተኛው የጋብቻ መታሰቢያ ቢቀመጥ ይሻላል።

ባሌ ከዚህ አንጻር ሲመዘን ሚዛኑ ይደፋል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ሪያድ ላይ በተካሄደው ስብሰባ ከጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ያለባት ዲንሾ ከአዲስ አበባ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። በሻሸመኔም በአሰላም በኩል አድርጎ ዶዶላና አዳባን አልፎ መግባት ይቻላል፤ መኪና ያልፈለገ በባሌ ሮቤ አውሮፕላን ማረፊያ ይወርዳል። ኦሮሚያም በአንዳንድ ቦታዎች የጸጥታ ችግር የሌለበት ክልል ስላልሆነ፣ በመኪና የሚሄድ ሰው ከመነሳቱ በፊት በዚያ ሳምንት መንገዱን የተመላለሱ ሾፌሮችን መጠየቅ አለበት። የአውቶቡስ ተራ ወሬ ብዙ ጊዜ ከጋዜጣ ይቀድማል።

ባሌን ለሙሽራ ተስማሚ የሚያደርገው አንድ ፓርክ ውስጥ ሦስት ዓይነት አገር መኖሩ ነው። ዲንሾ ላይ የደጋ አጋዘን ከጽዱ ዛፍ ሥር ይግጣል፤ ከመኝታ ቤቱ በር ሳይርቁ ማየት ይቻላል። ከዚያ በወብ ሸለቆ በኩል ወደ ፊንጫ ሐበራ ፏፏቴ በእግር ይኬዳል። ቀጥሎ ሳነቴ ነው፤ ከ4,000 ሜትር በላይ የተዘረጋ አምባ፣ ጅብራ የቆመበት፣ ቀይ ቀበሮ አይጥ የሚያድንበት። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 የማይበልጡ ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት ባሌ ውስጥ ነው። የአምባው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ከአምባው ደቡብ ጠርዝ ላይ መሬቱ ወደ ሐረና ጫካ ይወርዳል፤ በአንድ ቀን ውስጥ ከውርጭ ወደ ሙስ የለበሰ ደን፣ ወደ ጫካ ቡናና ማር አገር ይገባሉ። ብርዱ የሰለቻት ሙሽሪት ሪራ ላይ ካፖርቷን አውልቃ ትቀመጣለች።

አንድ ሌላ ጥቅም አለ፤ ባለሀብት መውጫ በር የሚለው ዓይነት። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መኪና መንገድ ሳነቴን አቋርጦ ያልፋል። አንዱ ቢታመም፣ ወይም ሦስተኛው ቀን ላይ ሙሽሪት «በቃኝ» ብትል፣ መኪና ካሉበት አጠገብ ሊደርስ ይችላል። ጎባ ላይም ሆስፒታል አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድንኳን ውስጥ ለሚያድር ሰው ይህ ከማንኛውም ውበት በላይ ዋጋ አለው።

ከፍታን በተመለከተ የአዲስ አበባ ሰው መጠነኛ ብልጫ አለው። ከ2,300 ሜትር በላይ የሚኖር በመሆኑ ከባሕር ጠረፍ የመጣ እንግዳ የሚሰማውን ያህል አይሰማውም። ቢሆንም የሚመከረው ደንብ ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያ ከፍታን በቀን ከ500 ሜትር ባልበለጠ መጨመር ነው። ዲንሾ ራሷ ወደ 3,100 ሜትር ስለሆነች፣ መጀመሪያዋን ሌሊት እዚያ አድሮ መነሳት ጥሩ ነው። ራስ ምታቱ በዕረፍት ካልተወ ወደ ታች መውረድ ነው፤ መድኃኒቱ ያ ነው።

ኬንያና ታንዛንያስ?

ኢትዮጵያውያን ወደ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልጋቸውም። የኬንያ ተራራ 5,199 ሜትር ሲሆን ተራራ ወጪ ያልሆነ ሰው በእግሩ የሚደርስበት ሌናና የተባለው ጫፍ 4,985 ሜትር ነው። ኪሊማንጃሮ 5,895 ሜትር ነው፤ ያለ ባለ ፈቃድ ድርጅት መውጣት አይቻልም፣ ለአንድ ሰውም ከ1,000 ዶላር በላይ ይጠይቃል።

ዋናው ጉዳይ ምንዛሪው ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብርን ዋጋ ገበያው እንዲወስነው ከመልቀቁ በፊት ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። በዶላር የሚከፈል ማንኛውም ሽርሽር፣ የዋጋ ዝርዝሩ አንዲት ሳንቲም ሳይጨምር፣ ለብር ደመወዝተኛ በእጥፍ ተወደደ ማለት ነው። በብር የሚከፈለው የባሌ ፈረስ ኪራይ እንዲያ በአንድ ወር አልዘለለም። ገቢው በዶላር ለሆነ፣ ወይም ከአሜሪካ መጥቶ ለሚያገባ ጥንድ ሂሳቡ ይገለበጣል፤ ለእሱ አገር ውስጥ መቅረት የበለጠ ረክሷል።

ሁለት ሰው ውድ ነው

የድንኳን ጉዞ ርካሽ ነው የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ይዘነጋሉ። አስጎብኚው በቀን የሚከፈለው ለቡድኑ ነው፤ ሁለት ሰው ቢሆን ስድስት ሰው ቢሆን ክፍያው ያው ነው። ምግብ አብሳዩም እንደዚሁ። ሰሜን ላይ ጠመንጃ የያዘ ስካውት ግዴታ ነው፤ እሱም አንድ ነው። መኪና ከተከራዩ ለሁለትም ለአምስትም ሰው ኪራዩ አይለወጥም። እነዚህ ቋሚ ወጪዎች ናቸው፤ ለስድስት ሲካፈሉ የሚቀሉት ያህል ለሁለት ሲካፈሉ ሦስት እጥፍ ይከብዳሉ። በሰው ቁጥር የሚጨምረው የፓርክ መግቢያው፣ ስንቁና የፈረሱ ቁጥር ብቻ ነው። ጫጉላ እንግዲህ በባሕርይው ከሁሉም የሚወደደው የቡድን መጠን ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። በአንድ ወር የሚያገቡ ሁለት ጥንዶች መኪናውንና አስጎብኚውን ተካፍለው ድንኳናቸውን ግን አራርቀው ሊተክሉ ይችላሉ፤ ቋሚው ወጪ በግማሽ ይወርዳል። ካልሆነም ቀኑን ማሳጠር። ከስድስት ቀን አራት ቀን ማድረግ የቀን ክፍያውን ሁሉ በሦስተኛ ይቀንሰዋል፤ የሚታየው ነገር ግን በሦስተኛ አይቀንስም።

ሲዋዋሉ የመመለሻ ቀን መጠየቅ አለበት። ጉዞው ከተነሱበት ሌላ ቦታ ላይ የሚያልቅ ከሆነ ፈረሱና ባለቤቱ ወደ ቤታቸው የሚመለሱበት ቀንም ይከፈላል። ይህ ተገቢ ነው፤ የጭነት መኪና ባለቤትም ባዶውን የሚመለስበትን ያስባል። ሳይነገር ቀርቶ መጨረሻ ላይ ሲመጣ ግን ጠብ ይሆናል።

ስለ ብቸኝነትም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። አስጎብኚ፣ አብሳይና ሁለት ፈረስ ጎታች ሲደመሩ ሁለት ሙሽሮች በአራት ሰው ይታጀባሉ። ድሮ ሚዜዎች ጫጉላ ቤቱ አጠገብ ይቀመጡ ስለነበር ነገሩ ከባህላችን አልወጣም ይባል ይሆናል፤ የዛሬዋ ሙሽራ ግን ሚዜ ከመድፈቅ ብላ ነው ከከተማ የወጣችው። ገና ሲነጋገሩ አዲስ ሙሽሮች መሆናቸውን ለአስጎብኚው ይንገሩት። ድንኳናቸው የት እንደሚተከል እሱ ያውቅበታል፤ አፍረው ዝም ካሉ ግን ከማብሰያው እሳት አጠገብ ይተከልላቸዋል።

ምን ይገዛ፣ ምን ይከራይ

ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ዕቃ መግዛት ካፒታል ማሰር ነው። ድንኳን፣ ፍራሽና ማብሰያ ደባርቅም ዲንሾም ይከራያሉ። ሰውነት የሚነካው ግን ቢገዛ ይመረጣል፤ ጫማና የመኝታ ከረጢት። ጫማውን ከሠርጉ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ገዝቶ ማለማመድ ያስፈልጋል። የሠርጉን ጫማ ለማልመድ ቤት ውስጥ ስትመላለስ የሰነበተች ሙሽሪት ይህንን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልጋትም።

የመኝታ ከረጢት በአብዛኛው ከውጭ በተጓዥ ሻንጣ ወይም በሰልባጅ መልክ የሚገባ ዕቃ ስለሆነ ገዢ ሊጠነቀቅ ይገባል። ደህና ከረጢት ላይ ሦስት የሙቀት ቁጥሮች ይጻፋሉ። አንዱ ሰው ተመችቶት የሚተኛበት ነው፤ ሁለተኛው እንደምንም የሚያሳድር ድንበር፤ ሦስተኛው፣ ከሁሉም ዝቅ ያለው፣ ሕይወትን ለማትረፍ ብቻ የሚያገለግል። ሻጭ የሚጠራው ሦስተኛውን ነው። ለሳነቴ ሌሊት መታየት ያለበት የመጀመሪያው ነው፤ እሱም ከዜሮ በታች መሆን አለበት።

ሌላም የሙሽራ ጉዳይ አለ። ሁለት ከረጢቶች በዚፕ ተጋጥመው አንድ ሰፊ መኝታ እንዲሆኑ የአንዱ ዚፕ በቀኝ፣ የሌላው በግራ መሆን አለበት፤ የዚፑም ዓይነትና ርዝመት መመሳሰል ይኖርበታል። ሁለት የቀኝ ከረጢት ገዝቶ የሄደ ባል ጫጉላውን ለየብቻ ተጠቅልለው ያሳልፉታል። «የሁለት ሰው» የሚባል ድንኳንም የሚለካው ቦርሳ ሳይጨምር ነው፤ የሦስት ሰው የተባለውን መከራየት ይሻላል።

የሠርግ ስጦታ ልማዳችንም እዚህ ላይ ሊያግዝ ይችላል። ስድስት ተመሳሳይ የብርጭቆ ስብስብና ሦስት የቡና ረከቦት የሚቀበሉ ሙሽሮች፣ ለቅርብ ጓደኞቻቸው አስቀድመው ቢናገሩ ከረጢቱ ከነዚፑ ጎን ይመጣላቸዋል።

ስንቅ

ተራራ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ሲፈላ ግን ትኩሳቱ ዝቅተኛ ነው። በ4,000 ሜትር ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ87 ዲግሪ ገደማ ነው። ምስርና ሩዝ ለመብሰል ከከተማ ይልቅ ብዙ ጊዜ ይፈጃሉ፤ ነዳጁም እንደዚያው። ትንንሾቹን የጋዝ ቆርቆሮዎች ደግሞ አውሮፕላን ላይ ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ በአየር የሚሄድ ሰው ማብሰያውን ከነነዳጁ እዚያው መከራየት ይኖርበታል። ፓርክ ውስጥ እንጨት መልቀም አይገባም።

ስለዚህ የአያቶቻችን ስንቅ ከሱፐርማርኬት ቆርቆሮ ይበልጣል። በሶ እሳት አይፈልግም። ድርቆሽ ክብደት የለውም፤ ቋንጣ ፍርፍር ለመሆን ጥቂት ሙቅ ውሃና በርበሬ ይበቃዋል። በቅቤ የታሸ ጭኮ ደግሞ በአርሲና በባሌ የመንገደኛ ምግብ ሆኖ የኖረው ብርድ ለብርድ ለሚሄድ ሰው ኃይል ስለሚሰጥ ነው። ለአንድ ሰው በቀን ከ600 እስከ 700 ግራም ደረቅ ምግብ ይበቃል፤ ለሁለት ሰው ለአራት ቀን አምስት ኪሎ ተኩል ቢይዙ ይበቃል ማለት ነው። ጿሚ ሙሽሮች በጥር ጉዞ ረቡዕና ዓርብን ቆጥረው ቋንጣውንና ጭኮውን ለሌላው ቀን ያደርጉታል፤ በዓለ ሃምሳ ውስጥ የሚሄዱት ይህ ሂሳብ የለባቸውም።

የጥር ማብቂያ ላይ አስጎብኚና ፈረስ የሚፈልገው ሰው ይበዛል። በቀጥታ ለዲንሾ አስጎብኚዎች ማህበር ደውሎ ቀን ማስያዝ ከአዲስ አበባ ደላላ ኮሚሽን ያድናል፤ ቀብድ ሲላክ የቀኑ ክፍያ፣ የፈረሱ ቁጥርና የመመለሻው ቀን በጽሑፍ ይላክ። ከሪራ ሲመለሱ ደግሞ ፈረሱ ላይ የስንቁ ቦታ ባዶ ይሆናል። የሐረና የጫካ ቡናና ማር እዚያው መንደሩ ውስጥ ይሸጣል፤ ለአማት የሚወሰደው ከዚያ ቢገዛ ከከተማው ይረክሳል።